ፈተናዬን እስክጨርስ

እማዬ፣ የኔ ወይዘሮ፤

ከሄድሽ አራተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነሽ ልልሽ አልችልም፤ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርም አልፈለግኩም። እስከዛሬ አንድም ቀን አልጻፍኩልሽም። ለሞተ ሰው ሲጻፍ ለስለስ ተብሎ ነው የሚጀመረው ብዬ ስለማስብ፣ ለስላሳው ነገር እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። ይልቅ ሰሞኑን አንድ ነገር ሰማሁና ተናደድኩብሽ። በደንብ ነው የተናደድኩት። ብትኖሪ ኖሮ በሩን በርግጄ ገብቼ እጮህብሽ ነበር፣ አንቺም "ጎረቤት ይሰማል" እያልሽ አፌን ትይዢኝ ነበር።

በመጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርሽ፣ አለዚያ "ወሬ ሳትነግሪኝ ትቆጪኛለሽ" ትያለሽ። ከኛ ጀርባ የነበሩት ቤቶች ፈርሰዋል። ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ፣ ቀጥሎ ፎቅ ወጣበት፣ ፎቁ ደግሞ መኝታ ቤትሽ ይገባ የነበረውን የጠዋት ፀሐይ ጋረደው። ካዛንቺስ አሁን አቧራ ብቻ ነው፤ የታጠበ ልብስ ውጭ ካሰጣሁ እንደገና ነው የማጥበው። እትዬ ሙሉ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ። አራተኛ ፎቅ ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለከልኩ አገኛቸዋለሁ፣ "ከዚህ በላይ ያለው መንግሥተ ሰማያት ብቻ ነው" ይሉኛል። ካንቺ ሌላ ጎረቤት እንደማይለምዱ ምለዋል።

ቤቱ ውስጥ ምንም አልቀየርኩም። ቀሚሶችሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ ሹራብሽን ግን አልሰጠሁም። ሳሎን ያለው ቀይ ስጋጃም እንዳለ ነው። አጸዳዋለሁ፣ አራግፈዋለሁ፣ መሃሉን ግን አልረግጠውም። በዳር ዞሬ ነው ወደ ጓዳ የማልፈው። እንግዳ ሲመጣ ዝም ብሎ መሃሉ ላይ ሲቆምበት ወንበር ስቤ ወደ ዳር አስቀምጠዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ በሩን ከፍቼ መብራት ሳላበራ መጀመሪያ ወለሉን አያለሁ። እዚያ እንደሌለሽ አውቃለሁ፣ እብድ አይደለሁም። ግን አያለሁ።

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔ ድንገተኛ ክፍል የገባሁ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ልቡ ቀጥ ያለበት ሰው ሲመጣ እንዴት እንደሚመለስ የሚያስተምረው ትልቁ ስልጠና ዕጣ ደረሰኝ። ማለቴ ደረት መጫኑን ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን፣ ልብን በኤሌክትሪክ ማስነሳቱን፣ ከሁሉም በላይ ቡድን ቆሞ መምራቱን። ከባምቢስ ወረድ ብሎ ባለ አዳራሽ ነበር የምንማረው። የምንለማመድበት እግር የሌለው የላስቲክ ሰውዬ ነበር፤ እኛ "ጋሽ ላስቲክ" አልነው። ስለሱ ስነግርሽ "ምስኪን፣ በቀን ስንቴ ነው የምትገድሉት?" አልሽ። ቤት ውስጥ ግን ጋሽ ላስቲክ አልነበረም። ስለዚህ አንቺ ሆንሽ።

ከመሥሪያ ቤት ስትመለሺ ጫማሽን አውልቀሽ ስጋጃው ላይ ትዘረጊና "በይ ሞቻለሁ፣ ነይ" ትያለሽ። እኔ ትከሻሽን መታ መታ እያደረግኩ እጠራሻለሁ። አንገትሽ ላይ ጣቶቼን አሳርፋለሁ፣ ትተነፍሺ እንደሆነ ደረትሽን አያለሁ። ከዚያ ትራሱን ካጠገብሽ አስቀምጬ እሱን እየተጫንኩ ለሌለ ቡድን ትእዛዝ እሰጣለሁ፤ አንተ መድኃኒት አምጣ፣ አንቺ ሰዓት ያዢ፣ ሁላችሁም ከአልጋው ራቁ። አንቺ ጎበዝ ሟች ነበርሽ፣ ችግርሽ ሳቅሽ ብቻ ነው። መሃል ላይ አንድ ዓይንሽን ገለጥ ታደርጊና "ደረስሽልኝ?" ትይኛለሽ። አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ሳያንኳኩ ገብተው ወለል ላይ ተዘርግተሽ ሲያዩሽ እሪ አሉ። ስትስቂ ጊዜ ንዴታቸው! "ኧረ አታሟርቺ! ሰው በገዛ ራሱ ላይ ያሟርታል?" ብለው አማትበው ወጡ። እኛ በሳቅ ፈረስን።

የፈተናው ዕለት ጠዋት በር ድረስ ሸኘሽኝ። ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ ፊትሽ ትንሽ ገርጥቶ ነበር፣ ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ ስልሽ "ሂጂ፣ ታክሲ ታጪያለሽ" አልሽኝ። በቃ። የመጨረሻ ቃልሽ ስለ ታክሲ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆይቼ ነው ቁርጥራጩን እየለቃቀምኩ የገጣጠምኩት። እኔ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ደረትሽን ይዘሽ ቁጭ አልሽ። እትዬ ሙሉ ለወንድምሽ፣ ለጋሼ ተፈራ ደወሉ። እሳቸውም ሜክሲኮ ያለውን ሱቃቸውን ጥለው መጡ፣ ላዳ ታክሲ ላይ ጫኑሽ፣ ሐኪም ቤት ሳትደርሺ አለፍሽ። ረፋድ ላይ ቤትሽ ተመልሰሻል። ረፋድ ላይ እኔ አዳራሽ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።

ጋሼ ተፈራ በአካል መጡ፣ እማዬ። ግቢው ውስጥ ቆመው ከአሰልጣኛችን ከዶክተር ዮናስ ጋር ሲያወሩ በመስኮት አየኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል። ለሌላ ጉዳይ እዚህ ሰፈር መጥተው ይሆናል ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አነሱ። ፈገግም አሉልኝ። እህታቸው ቤት ውስጥ ተዘርግታ፣ ለኔ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ እስከዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ተራዬ ደረሰ፣ ገባሁ። ጋሽ ላስቲክ ልቡ ቆሟል። እኔ የቡድን መሪ ነኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ አንድም ነገር አልዘነጋሁም፣ ሁሉንም ልክ ስጋጃው ላይ እንደተለማመድነው አደረግኩ። ሞኒተሩ ላይ ልቡ መምታት ጀመረ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ከመሃላቸው አንዷ ስታጨበጭብ ታለቅስ ነበር፤ ለኔ ደስ ብሏት መሰለኝ። ዶክተር ዮናስ "አልፈሻል" ሲለኝ ፊቴን አላየኝም። ሁሉም ያውቁ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማናውቀው እኔና ጋሽ ላስቲክ ብቻ ነበርን።

ከዚያ ጋሼ "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ እንሂድ" አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ነርስነቴ ተነሳብኝ። ደረቷን ነው? አላባት ወይ? ወደ እጇ ወረደ? እሳቸውም ለእያንዳንዱ "አዎ፣ ትንሽ" ይሉኛል። እንዳለፍኩ ነገርኳቸው። አይዞህ ጋሼ፣ ራሴ አያታለሁ አልኳቸው፤ በደስታዬ ብዛት አንተ ብያቸዋለሁ። መንገዳችን ላይ ስንታጠፍ ድንኳን አየሁ። የማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወደ ታክሲው ሲሮጡ ነው የገባኝ። መርዶዬን ሰው አልነገረኝም፣ ድንኳን ነው የነገረኝ።

ተገንዘሽ ነበር። እኔን ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ፊቷን ልይ ብዬ ስጮህ፣ ከተገነዘ አይፈታም ብለው ሴቶቹ በአራት በአምስት ሆነው ያዙኝ። ቂርቆስ ተቀበርሽ። እጅሽን አልያዝኩም፣ ፊትሽን አላየሁም። ለዚህ ነው እማዬ ስጋጃው ላይ የምፈልግሽ። እኔ ያየሁሽ ሙት ስጋጃው ላይ የተዘረጋሽውን ብቻ ነው፣ ያቺ ደግሞ ዓይኗን ትገልጣለች።

ሥራ ላይም ትመጪብኛለሽ። የስንቱን ሰው ደረት ተጫንኩ። የተመለሱ አሉ፣ ያልተመለሱ ይበዛሉ። እጄ እየሠራ ዓይኔ ፊታቸው ላይ ይተከላል፤ አንዱ ዓይኑን ከፈት አድርጎ "ደረስሽልኝ?" የሚለኝ ይመስለኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ዶክተር ዮናስን ግን አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ያን ቀን በእውነት አልፌ ነው ወይስ አዝናችሁልኝ ነው ያሳለፋችሁኝ ብዬ። "እያወቅኩ ነው ያረምኩሽ፣ ስለዚህ እኔም ልነግርሽ አልችልም" አለኝ። ቢዋሸኝ ይሻል ነበር።

ጋሼ ተፈራን ደግሞ ይቅር አላልኳቸውም። አልተጣላንም፣ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፣ ከዚያ በኋላ ግን ወሬ የለንም። እሁድ እሁድ ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይስላሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ብቻ አምርሬ "እንዴት አስቻለዎት?" ብያቸዋለሁ። ሙዙን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አሁን እኔም አሰለጥናለሁ። እንዴት እሺ አልሽ አትበይኝ፤ ዶክተር ዮናስ ለምኖ ለምኖ ሲያደክመኝ ነው። ስልጠናው ውስጥ ስለ መርዶ የሚያወራ ክፍል አለ፣ እሱን እኔ ነኝ የማስተምረው። ቤተሰቡን ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ "ሞተዋል" በሉ፣ ደክመዋል አትበሉ፣ ትንሽ አሟቸዋል አትበሉ እላለሁ። ሁልጊዜ ይስቃሉ። "ሲስተር፣ በኛ አገር? አንቀው ይገድሉናል እኮ!" ይሉኛል። እኔም አብሬያቸው እስቅና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ሰሞኑን ግን የምስቅበት አልነበረም። ራሄል የምትባል ሰልጣኝ ነበረችን፤ የላንቻ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ። እናቷ ኩላሊቷን ታማ እንደተኛች ነግራኛለች። የፈተናው ዕለት እሷ ገብታ ጀምራለች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀጣዩን አሰናዳለሁ። ስልክ ተደወለልኝ። አክስቷ ናት። እናትየዋ አሁን አረፈች አለችኝ። ድምፅዋ ዝግ ብሎ፣ እየለመነችኝ፣ "እባክሽ የኔ እህት፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እኛው መጥተን እንወስዳታለን" አለችኝ። ልዘጋው ስል ደግሞ "ራሷ እናትየዋ ናት አደራ ያለችው፣ ልጄን እንዳታስተጓጉሏት ብላ" አለችኝ።

በሩ መስታወት ነው። ራሄል ውስጥ እጇን እያወናጨፈች ታዛለች። ዶክተር ዮናስ ቀና ብሎ አየኝ። ስልኩን ይዤ ሲያየኝ ወዲያው ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አላነቃነቀም፣ ግቢም አትግቢም አላለኝም። ለኔ ተወው። ይህችን ልጅ ላስጨርሳት ብል ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ማንም አይወቅሰኝም፣ እንዲያውም ይመርቁኛል። ደግሞም የሟች አደራ ነው። የሟች አደራ አፍርሼ የት እደርሳለሁ?

ገባሁና እጄን አንስቼ አስቆምኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ራሄልን ጓሮ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ወሰድኳት፣ አስቀመጥኳት፣ እጇን ያዝኩ። "ራሄል፣ እናትሽ ሞተዋል። አሁን ነው የደወሉልኝ" አልኳት። ምንም አልጨመርኩም። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። አፍጥጣ አየችኝና "ለምን አላስጨረስሽኝም?" አለችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነስታ መሮጥ ጀመረች፣ እኔም ተከትዬ።

በታክሲ ላንቻ ደረስን። አክስቷ በር ላይ ስታየን ክው አለች፣ እኔን ደግሞ "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አደራ አላልኩሽም?" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። እናትየዋ ግን ገና አልተገነዘችም። አልጋዋ ላይ ናት፣ ሰው በሞቀ ውሃ ፊቷን ሊያጥብ እየተሰናዳ ነው። ራሄል አጠገቧ ተንበረከከች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አሳርፋ የደም ሥሯን ፈለገች። ስልጠናው ላይ ቶሎ ፈልጋችሁ ካጣችሁት እለፉ ነው የምንላቸው። እሷ አላለፈችም። ቆየች፣ ቆየች፤ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃታል። ሲበቃት እጇን አነሳችና "አሁንም ትሞቃለች" አለች፣ ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እኔም በሩ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። በቀብርሽ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ከዚያ እንደወጣሁ የአክስቷ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ራሷ እናትየዋ ናት ያለችው። እግሬ በቀጥታ ሜክሲኮ ወሰደኝ። ጋሼ ተፈራ ሱቃቸውን ሊዘጉ እስክሪብቶና ወረቀት ያስገባሉ። ሰላምታም ሳልሰጥ "ጋሼ፣ እማዬ ናት ወይ እንዳይነግሩኝ ያለችዎት?" አልኳቸው።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከሙትን በአንዴ አራገፉት። ሐኪሙ ልብሽ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮሽ ነበር ለካ፣ ለሳቸው ብቻ ነግረሻል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሱ ይዘሻቸው ቆመሽ፣ አንድ ነገር ብሆን ልጄ ፈተናዋን ሳትጨርስ ትንፍሽ እንዳትል ብለሽ አስምለሻቸዋል። እኔስ ስሞግትዎት ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። "እናቷን ከምትቀየም እኔን ትቀየመኝ ብዬ ነዋ" አሉኝ። እማዬ፣ ይሄ ሰው ሙዝ ይዞ በር ላይ የተቀመጠው ላንቺ ነው። አሁን ሳሎን ገብተው ነው የሚቀመጡት፣ ሙዙንም አብረን ነው የምንበላው። ስንቱን ዓመት አስበላሽን!

ስለ ማትሪክም ነገሩኝ። ማትሪክ እንዳልተፈተንሽ አውቅ ነበር፤ "ሳይሆንልኝ ቀረ" እያልሽ ነበር የምታልፊው። ለካ የፈተናሽ ዋዜማ ነው ያባትሽን መርዶ የነገሩሽ። ደብረ ብርሃን ወረድሽ፣ አርባው አለፈ፣ ዓመቱ አለፈ፣ ተመልሰሽ አልተፈተንሽም፤ ዕድሜሽን ሙሉ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ስትተይቢ ኖርሽ። ለኔ እንዳይደገም ብለሽ ነው። ይገባኛል። ሲገባኝ ደግሞ ንዴቴ ባሰ።

ምክንያቱም ስለ አባትሽ የምትነግሪኝን አልረሳሁም። ደርሰሽ ግንባሩን ስመሻል። "እንደተኛ ሰው ነበር፣ ደስ የሚል ፊት ነበረው" ትይኝ ነበር፣ ስትናገሪው ፊትሽ ይበራል። አንቺ ፈተናሽን አጣሽ፣ አባትሽን ግን አየሽ። እኔ ፈተናዬን አለፍኩ፣ አንቺን አላየሁም። የቱ እንደሚሻለኝ ማን ጠየቀኝ? አንቺ ራስሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ነው ማሰብ የምፈራው። ሐኪሙ ከነገረሽ በኋላም ስጋጃው ላይ ትተኚልኝ ነበር። "በይ ሞቻለሁ፣ ነይ" እያልሽ። አንገትሽን ስዳስስ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምን ታስቢ ነበር? እኔ ነበርኩ የምለማመደው ወይስ አንቺ?

ራሄል እስካሁን አልደወለችልኝም። ፈተናዋ ይጠብቃታል፣ ስትመለስ ትፈተናለች፤ ዶክተር ዮናስ ቀኑን ክፍት አድርጎላታል። ትጠላኝ እንደሆነ አላውቅም። ትጥላኝ።

አልረሳሽም እማዬ፣ ይህን ቃል ልስጥሽ። ሳቅሽን፣ ገርጥቶ የሸኘኝን ፊትሽን፣ ለኔ ብለሽ የደበቅሽውን ሕመምሽን አልረሳም። ያን አደራሽን ግን ለማንም አልፈጽመውም። ነገም ደውለው "ትጨርስ" ቢሉኝ ገብቼ አስቆማለሁ። አውቃለሁ፣ ያን ቀን ብመጣም ላተርፍሽ አልችልም ነበር፤ የተማርኩት ሁሉ ያንቺን ልብ አይመልሰውም ነበር። እጅሽ ግን ይሞቅ ነበር። አዳራሹም፣ ጋሽ ላስቲክም፣ የምስክር ወረቀቱም ገደል ይግባ። ቢነግሩኝ ኖሮ ከነጋውኔ እየሮጥኩ እመጣ ነበር።

እመጣ ነበር እኮ፣ እማዬ።

ልጅሽ ሰናይት